ሁለቱ ከታቢዎች

ውሻው መስታወትን የጣላት ከኋላዋ መጥቶ ነው። የክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወደ ቅኔ ጉባኤ ቤቱ የሚያወጣውን ዳገት ጨርሳ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆም ስትል፣ ከአጥሩ ሥር ተስፈንጥሮ ጀርባዋ ላይ ተከመረባት። በግንባሯ ድንጋይ ላይ ተደፋች። ጥርሱ የጃኬቷን እጅጌ ይዞ ይጎትታል፤ ደም ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምታስበው ለሳጥኑ ነበር። ብልቃጦቹ ከተሰበሩ የቀበሌው ውሻ ሁሉ ሳይከተብ ሊቀር ነው።

ድንገት አንድ ከባድ ነገር በራሷ ላይ አልፎ ውሻው ላይ ወደቀ። ደበሎ ነበር፤ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ቆዳ። የወረወረው ወጣት ራሱ ተከትሎ ዘለለና ውሻውን በጉልበቶቹ መሀል አጣበቀው። አፉን በቆዳው ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ቀና ብሎ አያት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ልትወጊው አይደል የመጣሽው? ውጊው!»

መስታወት ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። መድኃኒቱን በመርፌ ሳበችና ውሻውን ጭኑ ላይ ወጋችው። ስማዳ ውስጥ ሥራ ከጀመረች ወዲህ የከተበችው የመጀመሪያው ውሻ እሱ ነው።

«የማነው ይኼ አውሬ?» አለች።

«የየኔታ።»

«ታስሮ መዋል አያውቅም?»

«እሱን ለየኔታ ንገሪያቸው። እኔ ከሳቸው ውሻው ይሻለኛል።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትስቅ ነበር። መስታወት ግን ሳቅ ቶሎ የሚመጣላት ሰው አልነበረችም፤ ትክ ብላ አየችው። ረጅም ነው፣ ከሲታ ነው፣ ዓይኑ ላይ የሚስቅ ነገር አለ። እሱም አያት። ውሻው በሁለቱ መሀል እያቃሰተ ነው፤ ማንኛቸውም ግን ለመነሳት አልቸኮሉም።

ፊልጶስ ይባላል። የየኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ደቀ መዝሙር ነው፤ ዲያቆንም ነው። የግንባሯን ደም የምታጥብበት ውሃ አቀረበላትና አጠገቧ ተቀምጦ የሱሪውን እግር ወደ ላይ ጠቀለለ። ከጉልበቱ በታች ያልተነከሰ ቦታ አልነበረም።

«ይቺ የአስተማሪው ውሻ ናት። ይቺ የወፍጮ ቤቱ። ይቺን ጎድጓዳዋን ደግሞ የአያ አድማሱ ውሻ መከታ ነው የተወልኝ፤ ቁራሽ ልለምን ደጃቸው ቆሜ። እኔ የዚህን አገር ውሻ በመልኩ አይደለም የማውቀው፣ በጥርሱ ነው።»

«ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ» አለች መስታወት። «አንድ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ይኸው መጣሁ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ፍቅር በአበባ የሚጀመርላቸው ሰዎች አሉ፤ የነሱ በውሻ ለሃጭና በደም ተጀመረ። ከአጥር አጥር እየዞሩ እሱ ደበሎውን ይወረውራል፣ ይይዛል፤ እሷ ትወጋለች። ውሻው አምልጦ የነከሰው ጊዜም ነበር። ያን ጊዜ መስታወት ቁስሉን በሳሙና እያሸች ስታጥበው እሱ «ቀስ በይ!» እያለ ይጮሃል፣ እሷ «ዝም በል!» እያለች ትጮሃለች። ሥራውን ስትጀምር የተሰጣትን ክትባት እሱም እንዲከተብ ወገዳ ጤና ጣቢያ ድረስ እየጎተተች የወሰደችው እሷ ናት።

ይህን ያህል የምትሰጋው ያለ ነገር አይደለም። እህቷ ወለተ ሚካኤል እስቴ ውስጥ የሞተችው በእብድ ውሻ ተነክሳ ነው። ቁስሏ ትንሽ ስለነበር ቤተሰቡ ሥር ጨምቆ አጠጥቶ ዳነች ብሎ ተቀመጠ። ኋላ ውሃ ሲቀርብላት ጉሮሮዋ ይዘጋ፣ ነፋስ ሽው ሲልባት ትጮህ ጀመር። ከምሰሶው ጋር ያሰረቻት መስታወት ናት፤ ሌላው ሰው መቅረብ ፈርቶ ነበርና። እህቷ እጇን ነክሳታለች፤ እሷን መርፌ አተረፋት። ያን ገመድ ያጠበቀችበት እጅ ዛሬም አንዳንዴ የራሷ አይመስላትም።

ይህን ለፊልጶስ የነገረችው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያርፉ ነው። እጇን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና በሁለት እጁ ሸፈነው። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ሲነሱ እንደሚጋቡ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ያለው ግን ማንም የለም።

አንድ ነገር ብቻ አላስማማቸውም። ፊልጶስ ክታብ ይጽፋል። የታመመ፣ የደነገጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲመጣበት ብራናው ላይ ይጽፍና በቆዳ ሰፍቶ አንገቱ ላይ ያስርለታል።

«አንቺም ከታቢ፣ እኔም ከታቢ» ይላታል እየሳቀ። «ሰው ከታቢ ብሎ ሲጣራ ማንኛችን አቤት እንበል?»

«የኔ ያድናል።»

«የኔም ያስተኛል። ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው ሰው ቢተኛ ምን ነውር አለው?»

«ብቻ ተኝቶ ይሙትልህ?»

የፊልጶስ ሳቅ ጠፋ። መስታወት በአፏ አዘነች፤ የተናገረችውን ግን አልመለሰችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ለሕዝቡ «ውሻ ያላችሁ ሁሉ ውሻችሁን አስከትቡ!» ብለው አወጁ። ሰው ውሻውን እየጎተተ መጣ። መስታወት ለተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስር ነበር፤ ጥብጣቡ ሲያልቅባት «የቤታችሁን እሰሩለት፤ ገመድም ይሁን ጨርቅ። አንገቱ ላይ የታሰረለት ሁሉ የተከተበ ነው» አለች። ደክሟት ነበር። ይህን ቃሏን ኋላ ስንት ጊዜ እንደረገመችው እሷ ናት የምታውቀው።

ቄሱ «አስከትቡ» ሲሉ ከሰሙት መሀል አንዱ አድማሱ ነው። የተከበረ ገበሬ፣ ቁጣው የተፈራ፣ ጆሮው ግን የራሱን ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ። አድማሱ ዕድሜ ልኩን ሲያስከትብ የኖረው አንድ ቦታ ነው፤ ደብተራ ዘንድ። ወደ መርፌው ሰልፍ ዞር ብሎም አላየ፤ ቀጥ ብሎ ፊልጶስ ዘንድ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ጌታ የሌለው ውሻ ከገደሉ አፋፍ ወጥቶ መንደሩ ገባ። አፉ አረፋ ደፍቆ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ አህያ፣ ጥጃ፣ ውሻ፣ የአጥር እንጨት ሳይቀር። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደሉት። ሲሞትም ጥርሱ ድንጋዩን ነክሶ ነበር።

በነጋታው ወንዶቹ ሁሉ ዱላና መጥረቢያ ይዘው ወጡ።

«ስጡኝና ያልተከተበውን ልክተበው! መድኃኒት አለኝ!» እያለች መስታወት ፊታቸው ቆመች።

«ልጄ፣ ዞር በይ» አላት አንዱ። «አንገቱ የታሰረለትን አንነካም። ቃልሽ ነው። የቀረውን ግን እንገድላለን።»

ገደሉም። ውሻ ጌታው ሲጠራው ጭራውን እየቆላ ይመጣል፤ መጥረቢያው ያርፍበታል። አንዱ ራሱ ተፈልጦ እየተሳበ የጌታውን እግር ሊልስ ሞከረ፤ ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ደገመው። የሴቶቹ ጩኸትና የውሾቹ ጩኸት አንድ ሆነ። መስታወት ጆሮዋን ይዛ አጥር ሥር ተቀመጠች። ፊልጶስ አጠገቧ ቆሞ አስታወከ።

ወንዶቹ የአድማሱ ደጅ ሲደርሱ ሽማግሌው ሽመሉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መከታ ከኋላው ያጉረመርማል። ጆሮው ሥር ትኩስ ቁስል አለ፤ አንገቱ ላይ ደግሞ በቆዳ የተሰፋ ነገር።

«አስከትቤዋለሁ! አታዩም?» አለ አድማሱ።

አዩ፤ አለፉት። መስታወትም ከሩቅ «አስከትቤዋለሁ» ሲል ሰማችና አንድ እንኳ ተረፈ ብላ እግዜርን አመሰገነች። ፊልጶስ ያን ጊዜ ክንዷን ጥብቅ አድርጎ ያዛት። ደንግጦ ነው ብላ አሰበች።

ከሳምንታት በኋላ መከታ አበደ።

ጌታውን ነው መጀመሪያ የነከሰው፤ ምግብ ሲሰጠው እጁን ዘነጠለው። ከዚያ በግ ጣለ፣ በሬ ነከሰ፣ አጥር ጥሶ ወጣ። የአድማሱ ልጅ ብርሃኔ በጥይት መታው። ሬሳውን በእግሩ ይዞ፣ መንደሩን አስከትሎ፣ መስታወት ወደምትሠራበት የእንስሳት ጤና ኬላ እየጎተተው መጣ።

መስታወት ጩኸቱን ሰምታ ስትወጣ ሬሳው እግሯ ሥር ተወረወረ።

«ይኸውልሽ የከተብሽው!» አለ ብርሃኔ። «መርፌሽ ነው ያሳበደው!»

«እሱን እኔ አልከተብኩትም።»

«አባቴ ይዋሻል? አስከትቤዋለሁ ሲል ሰምተሻል! አንገቱ ላይ ማሰሪያው አለ!»

መስታወት ሬሳውን አየችው። ያን ሁሉ ውሻ ወግታለች፤ ይህን ወግታው ይሆን? መድኃኒቱ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ይሆን? ቀና ሳትል ብርሃኔ በፀጉሯ ያዛት። ሌላው ገብቶ የመድኃኒት ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ ብልቃጡ ረገፈ። «መርዝ ናት!» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ ድንጋይ ትከሻዋን መታት፣ ሁለተኛው ጆሮዋን ገመሰው። በጉልበቷ ወደቀች። እንደምትሞት ገባት፤ ከመሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ከእንግዲህ እዚህ አገር ውሻውን የሚያስከትብ ሰው አለመኖሩ ነበር። እንደ እህቷ ከምሰሶ ጋር የሚታሰሩት ሰዎች ታዩዋት።

«እኔ ነኝ የከተብኩት!»

ፊልጶስ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ገባ። ነጠላው ወድቋል፤ ሮጦ ነው የመጣው።

«እሷ አልነካችውም። አያ አድማሱ እኔ ዘንድ መጥተው ውሻዬን ክተብልኝ አሉኝ። ከተብኩት። አንገቱ ላይ ያለው የኔ ክታብ ነው። ልቀቋት!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳታስበው ሳቀችና አፏን በእጇ ያዘች።

መስታወት ከመሬት ተነሳች። ወደ ፊልጶስ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ያን ቀን በዱላ ሲዞሩ አይተኸዋል» አለችው። «አጠገቤ ቆመህ ክታቡን አይተኸዋል።»

«አየሁ። አንድ ውሻ ቢተርፍ ብዬ... ነገ እነግራታለሁ፣ ሄደን እንወጋዋለን አልኩ። አፍሽን ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል...»

በጥፊ መታችው። ባላት ኃይል ነው የመታችው፤ አፍንጫው ደም ተፋ። ቀጥሎ የብርሃኔ ዱላ ወረደበት። ፊልጶስ በግራ ክንዱ ሲመክት አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ፤ ወደቀ። ሁለተኛው ዱላ ራሱ ላይ ሊያርፍ ሲል መስታወት ዘላ በፊልጶስ ላይ ተጋደመች። እንዴት እንደዘለለች አታውቅም። ገና እጇ በጥፊው እየጋለ ነበር።

«አባትህ እየሞተ ነው!» ብላ በብርሃኔ ላይ ጮኸችበት። «ገባህ? እኛን ስትደበድብ አባትህ ይሞትብሃል! ቁስሉን ያጠበለት ሰው አለ?»

ብርሃኔ ዱላውን አወረደ።

አድማሱ ቤት ሄዳ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠበችው፤ እየረገማት ነበር። የሰው መርፌ ወገዳ አልቋል፣ ያለው ንፋስ መውጫ ከተማ ነው፣ ዛሬውኑ ይሂዱ አለችው። አይሆንም አለ። መርፌ ለማያምን ነው አለ። ልጁ ለመነው፤ ሚስቱ አለቀሰች። አይሆንም።

መስታወት ስትወጣ ፊልጶስ ከአጥሩ ውጭ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አብጧል። ልታቅፈው ፈለገች፤ ጠልታው መሄድም ፈለገች።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ይህን አሁን የምልህ ኋላ ሰማሁ አልሰማሁ እንዳትል ነው። ግን አያ አድማሱ ከሞቱ እኔና አንተ አለቅን። የሳቸውን ሬሳ ተሻግሬ አላገባህም።»

ፊልጶስ ተነስቶ ወደ አድማሱ ቤት ገባ። እሷም ልቧ አላስችል ብሏት በሩ ላይ ቆመች።

«መጣኸ?» አለ አድማሱ መደብ ላይ እንደተኛ። «ይኼ ጅል ልጄ ክንድኸን ሰበረው አሉኝ። ቀኝኸ ደህና ነው? በል ክተበኝ። አንተ ከከተብኸኝ ይበቃኛል።»

«አልከትብዎትም።»

«ምነው? መከታን ከትበኸው የለ?»

«ለመከታ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያውቃሉ?» አለ ፊልጶስ። «በግዕዝ፣ አንተ ውሻ፣ ሁለተኛ ተማሪ አትንከስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌላ ቃል የለበትም። ድሮ ነክሶኝ ነበር። ቀለድኩብዎት።»

አድማሱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እንጀራዬን በልተኸ፣ ጠላዬን ጠጥተኸ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ሽመሉን አነሳ። የተዘነጠለው እጁ ግን አልጨብጥ አለው፤ ሽመሉ ወደቀ። እንደገና አነሳው፤ እንደገና ወደቀ። በንዴት አለቀሰ።

«እገድልኻለሁ! አንተን ሳልገድል አልሞትም!»

«ይግደሉኝ» አለ ፊልጶስ ተንበርክኮ። «ግን በሽታው ይቀድምዎታል። ካልተወጉ እኔን ሳይመቱ ነው የሚሞቱት። እኔም በሕይወት ቆሜ ቀብርዎ ላይ እውላለሁ።»

አድማሱ ተመለከተው። ከዚያ ጮክ ብሎ ልጁን ጠራ።

«ብርሃኔ! በቅሎዋን ጫን!»

«ወዴት ልንሄድ አባቴ?»

«ንፋስ መውጫ! ድኜ ተመልሼ ነው ይህን ልጅ የምገድለው። እሱም አብሮኝ ይሂድ፤ እንዳያመልጠኝ።»

ሄዱ። ከመኪና መንገዱ ሲደርሱ አይሱዙ ላይ ወጡ፤ አድማሱ መንገዱን ሙሉ እየተሳደበ፣ ፊልጶስ የተሰበረ ክንዱን አቅፎ እየሰማ። ሽማግሌው ተወጋ። በቀጠሮው ሁሉ እየተመለሰ ተወጋ፤ አንዱን ቀጠሮ ሊቀር ሲል ፊልጶስ ደጁ ሄዶ «ተዉት እንግዲያው፤ እኔ ላይ ያለዎትን ይቅር አሉኝ ማለት ነው» አለው። አድማሱ ጫማውን ወረወረበትና ተነስቶ ሄደ። የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ነገሩን ሲሰሙ ፊልጶስን ከጉባኤ ቤቱ አባረሩት፤ ወገዳ የሰው ቤት ተጠግቶ ክንዱ እስኪጠግን ተቀመጠ። መስታወት አታናግረውም ነበር። እያንዳንዱን ማለዳ አድማሱ ይጮህ ይሆን እያለች በፍርሃት ትነቃለች፤ ፍቅሯ ግን አልጠፋላትም፤ እንዲጠፋላት ብዙ ጸልያለች።

ወራት አለፉ። አዝመራ ተሰበሰበ። አድማሱ አልታመመም።

በወገዳ ገበያ ቀን፣ እህል ተራው መሀል፣ ሽማግሌው ከሰዉ መሀል ወጣ። እጁ ድኗል፤ ሽመሉን ጥብቅ አድርጎ ጨብጧል። ፊልጶስ ከፊቱ ሲያየው አልሸሸም። ሰዉ ገለል ብሎ ክብ ሠራ። መስታወት አዲስ የመጣላትን የመድኃኒት ሳጥን እንደያዘች እየሮጠች ደረሰች፤ ክቡ ውስጥ ገብታ ግን ቆመች። ልታድነው አልገባችም።

አድማሱ አንዴ መታው። ትከሻው ላይ፣ ሙሉ ምት። ፊልጶስ ተንገዳግዶ ቀጥ አለ።

«እህ» አለ አድማሱ እያለከለከ።

«አያ አድማሱ» አለች መስታወት፣ «ይቺ የርስዎ ናት። የኔን ማን ይመታልኛል?»

ሽማግሌው አያት። ሽመሉን ተፍ ብሎበት እንደገና ጨበጠና ሁለተኛውን አሳረፈበት። ፊልጶስ በአንድ ጉልበቱ ወረደ። መስታወት ሳጥኑን መሬት አስቀምጣ በብብቱ ይዛ አነሳችው፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያያት ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አሁን አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክ» አለችው። እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ማንን ልላክ?» አለ ፊልጶስ። «ከየኔታ ተባርሬ፣ ከአገሩ ተጣልቼ፣ ማን ይሄድልኛል?»

አድማሱ ሽመሉን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር።

«እኔ ነኛ!» አለ በቁጣ። «አባቷ እምቢ ቢል ማን ሊመታው ኖሯል?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ፊልጶስም ሊስቅ ፈለገ፤ ትከሻው ግን አልፈቀደለትም።